የኔትወርክ ትምህርት ክፍል 7፦ የሰማነውን መንገድ ለሌላ ሰፈር ስናቀብል

ባለፈው እትም በሁለት ቋንቋ ስለሚያወሩ ራውተሮች ጀምረን ገጹ አልበቃንም ነበር። "ቀጥይው እንጂ፣ ምነው ዝም አልሽ?" ብላችሁ እሁድ እሁድ ለጠየቃችሁኝ ይኸው ቀጠልኩ።

ይህን የምጽፈው አስተማሪ ሆኜ አይደለም። እኔም እንደናንተው የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ 12ኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት። የማዳሜ ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ላፕቶፕ ሰጠኝ፤ ማታ ሥራ ጨርሼ ክፍሌ ስገባ በመለማመጃ ፕሮግራም ራውተር እያገናኘሁ እማራለሁ። ስለዚህ የተሳሳትኩትንም አብሬ እጽፋለሁ። የዛሬው ትምህርት እንደውም ከስህተቴ የወጣ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ፤ ሥዕል አለው።

ያለፈውን እናስታውስ

ራውተር መንገድ ጠቋሚ ነው ብለናል። መልእክታችን ተቆራርጦ ነው የሚላከው፤ አንዱ ቁራጭ ፓኬት ይባላል። ፓኬት ሲመጣለት ራውተሩ የመንገድ ሠንጠረዡን ያያል፤ "ወደዚህ አድራሻ በየት በኩል ነው?" ይልና ለቀጣዩ ራውተር ያቀብለዋል። ሠንጠረዡን የሚሞላው ከጎረቤቶቹ ጋር እያወራ ነው። የሚያወሩበት ቋንቋ ራውቲንግ ፕሮቶኮል ይባላል።

ሁለቱን አይተናል። ሪፕ አሮጌና ቀላል ነው። ርቀት የሚለካው በሚታለፉት ራውተሮች ብዛት ብቻ ነው፤ አንዷ እርምጃ ሆፕ ትባላለች። ከ15 በላይ አይቆጥርም፤ 16 ማለት ለሪፕ "አይደረስም" ማለት ነው። በየ30 ሴኮንዱ የሚያውቀውን ሁሉ ለጎረቤት ይናገራል። ኦኤስፒኤፍ ግን የመስመሩን ፍጥነት ያያል። ለእያንዳንዱ መስመር ኮስት የሚባል ዋጋ ይሰጣል፤ ፈጣን መስመር ዋጋው ትንሽ ነው። ከዚያ ድምሩ ያነሰውን መንገድ ይመርጣል።

የሁለቱ መለኪያ ሜትሪክ ይባላል። በኛው ኑሮ ላስረዳችሁ። አንዷን "ከዶራ እሷ ጋ ለመድረስ ስንት ነው?" ብትሏት "ሁለት ሰርቪስ" ትላችኋለች። ሌላዋ "አርባ ደቂቃ" ትላለች። ሁለቱም አልዋሹም። ግን ሁለት ሰርቪስና አርባ ደቂቃ ሲደመር ስንት ይሆናል? አይደመርም! የሪፕ ሆፕና የኦኤስፒኤፍ ኮስትም እንደዚሁ ነው።

ለምን ይጋራሉ?

አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ራውተሮች አሉት፤ የሚያውቁት ሪፕ ብቻ ነው። አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፍት አዳዲሶቹን በኦኤስፒኤፍ አደረጋቸው። ወይም ሁለት ድርጅቶች ተዋሃዱ፣ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ ይሠራ ነበር። ሁሉንም በአንድ ሌሊት መቀየር አይቻልም። ስለዚህ መሐል ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ራውተር ይቀመጣል። የድንበር ራውተር እንበለው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። የድንበሩ ራውተር ሁለቱንም ቋንቋ ስለቻለ ብቻ አያስተረጉምም። ከሪፕ የሰማውን ያውቃል፣ ከኦኤስፒኤፍ የሰማውንም ያውቃል፤ ግን አንዱን ለሌላው አይናገርም። አማርኛም ዓረብኛም የምትችል ልጅ ሳትጠየቅ በማዳምና በአዲሷ ልጅ መሐል ገብታ አታስተረጉምም፣ "እስቲ ንገሪያት" መባል አለባት። ራውተሩንም "ከዚህ የሰማኸውን ለዚያ ንገር" ብለን ማዘዝ አለብን። ይህ ነው ሪዲስትሪቢውሽን የሚባለው፣ መንገድ ማጋራት።

ትእዛዙ በኮምፒዩተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው፤ እዚህ አነባበቡን አስቀምጣለሁ። በሲስኮ ራውተር ላይ መጀመሪያ የሚቀበለውን ፕሮቶኮል ቤት እንገባለን፣ ከዚያ ማንን እንደሚቀበል እንነግረዋለን።

ወደ ሪፕ ለማስገባት፦ "ራውተር ሪፕ" ብለን ገብተን "ሪዲስትሪቢውት ኦኤስፒኤፍ 1 ሜትሪክ 1"።
ወደ ኦኤስፒኤፍ ለማስገባት፦ "ራውተር ኦኤስፒኤፍ 1" ብለን ገብተን "ሪዲስትሪቢውት ሪፕ ሰብኔትስ"።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ወደ ሪፕ ስናስገባ ሜትሪኩን ራሳችን መስጠት አለብን። ካልሰጠነው ራውተሩ ኮስቱን ወደ ሆፕ መቀየር ስለማይችል "አይደረስም" ብሎ ይይዘውና መንገዱ አያልፍም። ኦኤስፒኤፍ ላይ ዝም ካልን ግን ከሪፕ ለመጣው በራሱ 20 ይሰጠዋል። ሁለተኛ፣ "ሰብኔትስ" የምትለዋን ቃል በቆዩት የራውተሩ ሶፍትዌሮች ላይ ከረሳናት የተከፋፈሉት ትንንሽ ኔትወርኮች ሳያልፉ ይቀራሉ። እኔ ይቺን ቃል ረስቼ አንድ ሙሉ ማታ አቃጥያለሁ።

እንግዲህ ዋናውን ነገር ተመልከቱ። መንገዱ ድንበሩን ሲያልፍ የድሮ ርቀቱ ይጠፋል። በሪፕ በኩል 2 ሆፕ ይሁን 12 ሆፕ፣ ወዲያ ማዶ ሲደርስ ሁሉም 20 ነው። ከየት ተነስቶ ስንት እንደተጓዘ የሚያውቅ የለም። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የኔ ስህተት

አንድ የድንበር ራውተር ብቻ ካለን ይሄ ብዙም አይጎዳም። ነገር ግን እሱ ከተበላሸ ሁለቱ ወገን ይቆራረጣል። እኔም "ብልህ ልሁን" ብዬ ሁለት አደረግሁ። አሁን ሥዕሉን ሳሉ።

በግራ በኩል የሪፕ ሰፈር፦ ሦስት ራውተሮች በተርታ፣ ረ፣ ሰ፣ መ። በረ ጀርባ 10.10.4.0 የሚባል ኔትወርክ አለ። መሐል ላይ ሁለት የድንበር ራውተሮች፦ ሀ እና ለ። ሁለቱም ከመ ጋር ተያይዘዋል። በቀኝ በኩል የኦኤስፒኤፍ ሰፈር፦ አንድ ራውተር፣ ቀ። ሀ እና ለ ከቀ ጋርም ተያይዘዋል። በሀም በለም ላይ ሁለቱን ትእዛዞች ጻፍኩ። ሁሉም ለሁሉም ይንገር አልኩ።

ከዚያ ከመ ጋር ካያያዝኳት ኮምፒዩተር ወደ 10.10.4.0 መልእክት ላክሁ። አልደረሰም። ሽቦው መስሎኝ ነቅዬ ሰካሁ፣ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ሦስት ማታ እንዲህ ሆንኩ። በአራተኛው ትሬስሩት የሚባለውን ትእዛዝ አስታወስኩ፤ ፓኬቱ የረገጠውን ራውተር ሁሉ በተርታ ያሳያል። ያወጣልኝ ይህን ነበር፦ መ፣ ለ፣ ቀ፣ ሀ፣ መ፣ ለ፣ ቀ፣ ሀ፣ መ...

ፓኬቱ በክብ እየዞረ ነው! ይህ ሉፕ ይባላል። ፓኬት ዕድሜ አለው፣ በእያንዳንዱ ራውተር ሲያልፍ አንድ ይቀነስበታል፤ ዜሮ ሲሆን ይጣላል። የኔም መልእክት እየዞረ እየዞረ ይሞት ነበር፣ ትክክለኛው ቤት በሁለት እርምጃ ላይ ሆኖ ሳለ።

ለምን ሆነ? በእርጋታ አብረን እንሂድ።

1. መ እውነተኛውን መንገድ ያውቅ ነበር፦ "10.10.4.0 በሰ በኩል፣ 2 ሆፕ"። ይህንን ለሀም ለለም ነገራቸው።

2. ሀ ወደ ኦኤስፒኤፍ ሰፈር አስገባው። በቀ በኩል አልፎ ለ ዘንድ ደረሰ።

3. አሁን ለ አንዱን ወሬ ከሁለት ቦታ ሰማ፣ ከመ በሪፕ፣ ከቀ በኦኤስፒኤፍ። ሜትሪካቸው አይነጻጸርም። እንዲህ ሲሆን ራውተር የሚፈርደው በተናጋሪው ተአማኒነት ነው። ይህ አድሚኒስትሬቲቭ ዲስታንስ ይባላል፤ ቁጥሩ ያነሰ ይታመናል። በሲስኮ ቀጥታ የተያያዘ 0፣ በእጅ የተጻፈ መንገድ 1፣ ኢአይጂአርፒ 90፣ ኦኤስፒኤፍ 110፣ ሪፕ 120 ነው። ስለዚህ ለ ኦኤስፒኤፍን አመነ። ቤቱ አጠገቡ ያለውን መ ትቶ በሩቅ የዞረውን ወሬ ያዘ።

4. ለ የያዘው መንገድ አሁን "የኦኤስፒኤፍ መንገድ" ነው። ከኦኤስፒኤፍ የሰማውን ለሪፕ እንዲናገር ደግሞ አዝዤዋለሁ። ስለዚህ ለመ "10.10.4.0 በእኔ በኩል ነው፣ 1 ሆፕ ብቻ" አለው። 1ን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

5. መ አሰበ፦ በሰ በኩል 2፣ በለ በኩል 1። ትንሹን መረጠ። የራሱ ወሬ ዞሮ ተመልሶ ከራሱ እውነት የበለጠ ታመነ።

ሀ ወደ መ ይልካል፣ መ ወደ ለ፣ ለ ወደ ቀ፣ ቀ ወደ ሀ። ውሸታም ራውተር የለም። እያንዳንዱ የሰማውን ነው የተናገረው።

አንድ ያስታወሰኝ ነገር

ይሄን ሥዕል ሳይ ላፕቶፑን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ትዝ ያለኝ የአምናው ጉዳያችን ነው። ስም አልጠራም፤ እሷም እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

አምና እኔ ራሴ ከአንዲት ልጅ "ወረቀት የሌላቸው ያለ ቅጣት አገራቸው ሊገቡ ነው መሰለኝ" የሚል ሰማሁ። "መሰለኝ" ነበር ያለችው። ለሁለት ጓደኞቼ ነገርኩ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ከሌላ ሰፈር ልጆች በዋትስአፕ መጣልኝ፦ "ተረጋግጧል፣ እስከ ወር መጨረሻ ብቻ"። እኔም "ለካ እውነት ነው፣ ከሌላም ቦታ መጣ" አልኩ። ወረቀቷ ካለቀባት እህታችን ጋ ደውዬ "ቶሎ በይ" ያልኳት እኔ ነኝ። ሥራዋን ተወች፣ ፍራሽና ፍሪጇን በርካሽ ሸጠች፣ ክፍሏን ለቀቀች። ምንም የለም። ወደ ኋላ እየጠየቅን ስንሄድ፣ ስንሄድ፣ ወሬው የደረሰው ከእኔው ጓደኛ ላይ ነው። የራሴ "መሰለኝ" ዞሮ "ተረጋግጧል" ሆኖ ነው የመጣልኝ። እህታችን ሌላ ሥራ እስክታገኝ ሁለት ወር ሰው ቤት ተጠግታ ነበር።

ሁለት ሰው ነገረኝ ማለት ሁለት ምስክር ማለት አይደለም። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ቀድተው ሊሆን ይችላል፤ ያም ምንጭ አንቺው ልትሆኚ ትችያለሽ። ራውተር ለ ያጣው ይህን ነው።

መድኃኒቱ

ዋናው መድኃኒት ታግ ይባላል፣ ምልክት ማለት ነው። መንገዱ ድንበር ሲያልፍ ከየት እንደመጣ የሚናገር ቁጥር ይለጠፍበታል። ቁጥሩን እኛ እንመርጣለን። ከሪፕ ለመጣ 120፣ ከኦኤስፒኤፍ ለመጣ 110 እንበል። በሁለቱም የድንበር ራውተሮች ላይ አራት ሕግ ይጻፋል፤ የሚጻፈው ራውት ማፕ በሚባለው ዝርዝር ነው።

ከሪፕ ወደ ኦኤስፒኤፍ፦
ሀ) 110 የተለጠፈበትን አታሳልፍ፤ እሱ መጀመሪያም የኦኤስፒኤፍ ነበር።
ለ) ሌላውን 120 ለጥፈህ አሳልፍ።

ከኦኤስፒኤፍ ወደ ሪፕ፦
ሐ) 120 የተለጠፈበትን አታሳልፍ፤ እሱ መጀመሪያም የሪፕ ነበር።
መ) ሌላውን 110 ለጥፈህ አሳልፍ።

ቅደም ተከተሉን አደራ። መጀመሪያ ክልከላው፣ ቀጥሎ ፈቃዱ። ዝርዝሩ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው፣ የመጀመሪያው የገጠመው ይሠራል። ደግሞም ምልክት መሸከም የሚችለው ሁለተኛው ሪፕ ነው፤ የመጀመሪያው ሪፕ ለታግ ቦታ የለውም። ስለዚህ "ቨርዥን 2" ማለትን አትርሱ።

ታጉ ሉፑን ያቆመዋል፤ ግን አንድ ነገር ይቀራል። ራውተር ለ አሁንም ከሪፕ ይልቅ ኦኤስፒኤፍን ስለሚያምን ወደ 10.10.4.0 በቀና በሀ በኩል ዞሮ ይሄዳል። ይደርሳል፣ ግን በጥምዝ። ለዚህ ኦኤስፒኤፍ ከውጭ ተቀብሎ የያዘውን መንገድ ተአማኒነት እናወርደዋለን፦ "ዲስታንስ ኦኤስፒኤፍ ኤክስተርናል 130"። 130 ከ120 ስለሚበልጥ ለ ከጎረቤቱ ከመ በቀጥታ የሰማውን ያምናል። ኦኤስፒኤፍ የራሱን ሰፈር መንገዶች ግን እንደበፊቱ በ110 ይይዛቸዋል።

ሦስተኛው ምክር ከሁሉ ይቀላል። ሁሉንም ለሁሉም መንገር ግድ ነው ወይ? አንዱ ሰፈር ትንሽ ከሆነና መውጫው በድንበሩ ብቻ ከሆነ፣ የሌላውን ሰፈር ዝርዝር ማወቅ አያስፈልገውም። "የማታውቀውን ሁሉ ወደ እኔ ላክ" የሚል አንድ መንገድ ይበቃዋል። እሱ ዲፎልት ራውት ይባላል፣ 0.0.0.0 ተብሎ ይጻፋል። ያልተጋራ መንገድ አይዞርም።

በዓለም ላይም ደርሷል

ይህ የመለማመጃ ፕሮግራም ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትላልቅ ኔትወርኮች እርስ በርስ የሚያወሩት ቢጂፒ በሚባል ፕሮቶኮል ነው። ቢጂፒ መልካም ጠባይ አለው፤ መንገዱ ያለፈባቸውን ኔትወርኮች ቁጥር በተርታ ይዞ ይጓዛል፣ የራሱን ቁጥር ያየ "ይሄ የኔው ወሬ ነው" ብሎ ይጥለዋል። ያ ዱካ ከጠፋ ግን ጉድ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 1997 በአሜሪካ ቁጥሩ 7007 የሆነ ኔትወርክ ራውተር ከሌሎች የሰማቸውን መንገዶች ቆራርጦ አሳነሳቸው፣ የመጡበትን ዱካ አጥፍቶ "የኔ ናቸው" ብሎ መልሶ ለዓለም ተናገረ። ራውተር ሁለት አድራሻ ሲገጥመው ጠበብ ብሎ በዝርዝር የተነገረውን ይመርጣል፤ "ቤይሩት" ከሚል "ዶራ፣ ከድልድዩ ሥር" የሚለውን እንደምናምነው። ስለዚህ የብዙ ኢንተርኔት ፓኬት ወደዚያ ጎረፈና ጠፋ። ራውተሩ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ወሬው በሌሎቹ ዘንድ ሲዞር ቆይቷል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 ደግሞ ፓኪስታን ዩቲዩብ በአገሯ እንዲዘጋ አዘዘች። የፓኪስታን ቴሌኮም ለአገር ውስጥ ብቻ የታሰበውን ሐሰተኛ መንገድ ወደ ውጭም ተናገረው፤ ተቀባዩ የሆንግ ኮንግ ድርጅትም ሳያጣራ ለዓለም አቀበለው። ይህም ጠበብ ያለ አድራሻ ስለነበር ዩቲዩብ ከ2 ሰዓት በላይ በብዙ አገር ጠፋ። ተናጋሪው አልከለከለም፣ ሰሚው አልጠየቀም።

መልመጃ

1. በሥዕላችን ወደ ሪፕ ስናስገባ ሜትሪኩን 1 በማለት ፈንታ 5 ብንለው መ ማንን ይመርጣል? ሉፑስ ይቀራል? ከረ ጋር ያለው መስመር ቢበጠስስ?
2. በሕግ (ሀ) እና (ለ) ቦታ ቢለዋወጡ ምን ይሆናል?
3. የድንበር ራውተሩ አንድ ብቻ ቢሆን ታግ ያስፈልጋል ትላላችሁ? ምክንያቱን ጻፉ።

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ እሁድ ስጡኝ፣ ወይም ለምትመጣ ሰው አቀብሉኝ። ኦፍ የሌላችሁ በስልክ ድምፅ ብትልኩልኝም እሰማለሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሁለተኛ ክፍል በደንብ አስቡበት፤ ሜትሪክ ማሳደግ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ የሚያሳየው እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። ከአምናው ጉዳይ ወዲህ ስለ ወረቀት፣ ስለ ትኬት፣ ስለ ቅጣት ወሬ ስትነግሩኝ "ከማን ሰማሽ? እሷስ ከማን? መቼ?" ብዬ እጠይቃለሁ። አትቀየሙኝ፤ ታጉን እየፈለግሁ ነው። እናንተም እኔን እንዲሁ ጠይቁኝ።

በሚቀጥለው እትም ስለ ቢጂፒ በሰፊው እንማራለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።

እህታችሁ